የሥነ ልቦና ባለሙያ ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

ታላቅ ወንድሜ ባረፈ በሦስተኛው ወር እንቅልፍ አጣሁ። ወዳጅ መክሮኝ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄድሁ። ባለሙያው በየሳምንቱ ስለ ልጅነቴ ይጠይቁኛል፤ እኔን የቸገረኝ ግን ሌሊቱ ነበር። ከአራት ቀጠሮ በኋላ ቀረሁ። ጥፋቱ የእርሳቸው ሳይሆን፣ ሳልጠይቅ የገባሁት የእኔ ነው። ለፍቺ ጉዳይ የግብር ጠበቃ የሚይዝ ባለጉዳይ አይቼ አላውቅም።

በመጀመሪያ ሙያውን እንለይ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግር ያክማል። የንግግር ሕክምናም መንገዱ ብዙ ነው። ከፍሮይድ የሚነሳው ያለፈ ሕይወትን ይመረምራል፤ ጊዜም ይፈልጋል። አሮን ቤክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ በዛሬው ሐሳብና ልማድ ላይ ያተኩራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፤ የቤት ሥራም አለው። የካርል ሮጀርስ መንገድ ሳይፈርዱ ማዳመጥን ያስቀድማል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ እንጠይቅ፦ እንዲህ ያለ ችግር አክመው ያውቃሉ? በምን ዘዴ? ለውጥ መኖሩን በምን እናውቃለን? ጥያቄው የሚያስቆጣው ባለሙያ ከሆነ መልሱን አግኝተናል።

ስለ ምስጢርም እንጠይቅ። ሐኪም ወይም ነርስ የሙያ ምስጢር ቢያወጣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ያስቀጣዋል፤ ሌላው ባለሙያ ግን አያያዙን ራሱ ያስረዳን። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ምርጫው ይቆይ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሁለተኛዋ ባለሙያ የእንቅልፍ ሰዓቴን በደብተር አስያዙኝ። እንቅልፌ ተመለሰ። ወንድሜንም በወጉ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።