የጥንት ታሪክን የሚያሳዩ ታላላቅ ፊልሞች ተመልካችን ስለ ማሳዘናቸው

ወደ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው በገንዘቡ የሚገዛው የአንድ ምሽት ተስፋ ነው። የተስፋውም መጠን እንደ ፊልሙ ዓይነት ይለያያል። አስቂኝ ፊልም ሳቅን ብቻ ተስፋ ይሰጣል፤ ሳያስቅ ቢቀር ተመልካቹ በማግሥቱ ይረሳዋል። የሚያስፈራ ፊልም ማስፈራቱ ቢቀርበት ብዙ ጊዜ ያስቃልና ይህም እንደ ትርፍ ይቈጠራል። የጥንት መንግሥታትንና የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ በብዙ ሺሕ ሠራዊትና በታላላቅ ሕንጻ አሳያለሁ ብሎ የሚነሣው ፊልም ግን ከሁሉ የበለጠ ተስፋ ይሰጣል፤ ተስፋውን ሳይፈጽም የቀረበትም ጊዜ እጅግ ብዙ ነው። ምክንያቱም ተመልካቹ ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ባቢሎንን፣ ሮምን፣ ቀራንዮን ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ ሥሎ የኖረ ሰው በነጩ ሸራ ላይ የሚያየውን ሁሉ ከዚያ ከልቡ ሥዕል ጋራ ያስተያየዋል፤ እንጨትና ኖራም ያን ሥዕል ማሸነፍ ይቸግራቸዋል።

የዚህን ዓይነት ፊልም መንገድ የጠረጉት ኢጣልያውያን ናቸው። በ1913 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) «ኩዎ ቫዲስ»፣ በ1914 ዓ.ም. ደግሞ «ካቢርያ» የተባሉት ፊልሞች ወጥተው እስከ አሜሪካ ድረስ ሕዝብን አስደነቁ። ፊልም ገና ድምፅ ባልነበረው በዚያ ዘመን ይህን ያህል ሕንጻና ሕዝብ በሸራ ላይ አይቶ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ማየቱ ብቻ በቂ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ዴቪድ ግሪፍዝ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ ከኢጣልያኖቹ የሚበልጥ ሥራ ሊሠራ ተነሣ። በሎስ አንጀለስ ከተማ የባቢሎንን ግንብ ከነዝሆኖቹ ሐውልት አሠርቶ በ1916 ዓ.ም. «ኢንቶለራንስ» የተባለውን፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጀውን ፊልም አወጣ። በዚህ ፊልም ውስጥ አራት ታሪኮች አሉ፤ እነርሱም የባቢሎን መውደቅ፣ የክርስቶስ ሕማም፣ በ1572 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በፕሮቴስታንቶች ላይ የደረሰው እልቂት፣ በመጨረሻም በዚያው ዘመን በአሜሪካ የነበሩ ድኾች ኑሮ ናቸው። ግሪፍዝ ግን አንዱን ጨርሶ ሌላውን በመጀመር ፈንታ አራቱን እያፈራረቀ አሳያቸው። ተመልካቹ የቂሮስን ሠራዊት እያየ ሳለ በድንገት ፓሪስ ይደርሳል፤ ከፓሪስም ወዲያው ወደ አሜሪካ እስር ቤት ይወሰዳል። ግንቡን አይተው የተደነቁት ሰዎች ነገሩ የማን ታሪክ እንደ ሆነ መከተል አቃታቸው። በሚከተለውም ዓመት አሜሪካ ወደ ጦርነት ስለ ገባች ሰላምን የሚሰብክ ፊልም ሰሚ አጣ። ግሪፍዝ በ1919 ዓ.ም. የባቢሎኑንና የአሜሪካውን ታሪክ ቈርጦ ለየብቻቸው አሳየ፤ ዳሩ ግን ዕዳው ለብዙ ዓመት ተከተለው። የባቢሎንም ግንብ በመንገድ ዳር ቆሞ ሲያረጅ ጥቂት ዓመታት ቈየ። ዛሬ ሊቃውንት ይህን ፊልም ከሲኒማ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ አድርገው ያከብሩታል። ፍርዳቸው ትክክል ነው፤ ቢሆንም ያን ጊዜ ከፍሎ ገብቶ ግራ ተጋብቶ የወጣውን ሰው ሐሰተኛ አያደርገውም።

ሁለተኛው ዘመን የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ቴሌቪዥን በየቤቱ በገባ ጊዜ ነው። ሕዝቡ በቤቱ ተቀምጦ በነጻ ማየት ስለ ጀመረ፣ የአሜሪካ ፊልም አሠሪዎች በትንሽ ሣጥን ውስጥ የማይገባ ነገር ለማሳየት ቈረጡ። በ1953 ዓ.ም. «ዘ ሮብ» የተባለው ፊልም ሲኒማስኮፕ በሚባለው ሰፊ ሸራ ታየ። በ1956 ዓ.ም. የሴሲል ዴሚል «ዐሥርቱ ትእዛዛት»፣ በ1959 ዓ.ም. የዊልያም ዋይለር «ቤን ሁር» ወጥተው እጅግ ብዙ ገንዘብ አስገቡ፤ «ቤን ሁር» 11 የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። በዚህ ፊልም ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ቤን ሁር በልብ ወለድ መጽሐፍ የተፈጠረ ሰው ነውና የብዙው ተመልካች ልብ አስቀድሞ አልሣለውም፤ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በሚታይበት ሥፍራ ሁሉ ፊቱ አይታይም። ዋይለር የሠረገላውን ውድድር ለዓይን ሰጠ፤ የተመልካቹን የልብ ሥዕል ግን ሳይነካው ተወው።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ያዩት የሠረገላውን ውድድርና የገቢውን ብዛት ብቻ ነው። የፎክስ ኩባንያ «ክሊዮፓትራ»ን በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ጀመረ፤ የእስክንድርያን ከተማ በእንግሊዝ ብርድና ዝናብ ውስጥ መሥራት ምን ዓይነት ምክር እንደ ነበረ ለመረዳት ያስቸግራል። ንግሥቲቱን ሆና የምትጫወተው ኤልሳቤጥ ቴይለር ለሞት እስክትቀርብ ታመመች፤ አዘጋጁ ተለወጠ፤ የተሠራው ሁሉ ተጥሎ ሥራው በሮም እንደ ገና ተጀመረ። ወጪው ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ሁለተኛው አዘጋጅ ጆሴፍ ማንኪዊችዝ ታሪኩን በሁለት ፊልሞች ሊከፍለው አሰበ፤ ኩባንያው ግን ቈራርጦ አንድ አደረገው። በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ ከሁሉ የበለጠ ተመልካች ያገኘው ይኸው ፊልም ነበረ፤ ቢሆንም ወጪውን ወዲያው ሊመልስ አልቻለም። ሕዝቡም ይጐርፍ የነበረው በአብዛኛው ቴይለርና ሪቻርድ በርተን በጋዜጣ የተወራባቸውን ፍቅር ለማየት ነበረ፤ ለዚህም አራት ሰዓት የሚፈጅ የሮም ፖለቲካ ተሰጠው።

በ1965 ዓ.ም. የወጣው የጆርጅ ስቲቨንስ ፊልም ስሙ ራሱ «ከተነገሩት ታሪኮች ሁሉ የሚበልጠው ታሪክ» የሚል ነበረ። ስቲቨንስ ለክርስቶስ ሥፍራ በአሜሪካ እምብዛም የማይታወቀውን ስዊድናዊ ማክስ ፎን ሲዶን መረጠ፤ ይህም መልካም አሳብ ነበረ። በዙሪያው ያቆማቸው ግን ሁሉ የሚያውቃቸውን ሰዎች ነው። በመስቀሉ ሥር የሚቆመው የመቶ አለቃ ጆን ዌይን፣ የቀሬናው ስምዖን ሲድኒ ፖይቲየር ሆኑ። በስቅለቱ ሰዓት ተመልካቹ ማልቀሱን ትቶ «ያ እገሌ አይደለምን?» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። የሚታየውም ምድር የአሜሪካ ምዕራብ ገደል ስለ ሆነ፣ ብዙ የፈረሰኛ ፊልም ያየ ሰው ሌላ ነገር ቢያስታውሰው አይፈረድበትም።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኢጣልያዊው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ «የማቴዎስ ወንጌል»ን በጥቂት ገንዘብ ሠርቶ ነበር። ፓዞሊኒ በእግዚአብሔር የማያምንና የካርል ማርክስን ትምህርት የሚከተል ሰው ነው። ምድረ ፍልስጥኤምን አስቀድሞ ሄዶ ቢያይ የሚፈልገውን ሳያገኝ ስለ ቀረ፣ በደቡብ ኢጣልያ በማቴራና በአካባቢዋ ሠራው። ክርስቶስን ሆኖ የተጫወተው ኤንሪኬ ኢራሶኪ የተባለ የስፓኝ ተማሪ ነበረ፤ ሌሎቹም አብዛኞቹ ትያትር የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እመቤታችን በእርጅናዋ የምትታየው በፓዞሊኒ በገዛ እናቱ ነው። ንግግሩ ከወንጌሉ ቃል የተወሰደ ነው። በቬኒስ በታየ ጊዜ የካቶሊክ የሲኒማ ማኅበር ሽልማት ሰጠው። ተመልካቹ የሚያውቀው ፊት ስላልነበረ ያየው ልጁ የሞተባትን እናት ብቻ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ሳሙኤል ብሮንስተን በማድሪድ አጠገብ የሮምን አደባባይ በሙሉ አሠርቶ ያወጣው «የሮም መንግሥት ውድቀት» ኩባንያውን ይዞ ወደቀ። የማርቆስ አውሬልዮስንና የኮሞዶስን ዘመን በ2000 ዓ.ም. «ግላዲያተር» እንደ ገና ሲያነሣው ተሳካለት፤ የቀድሞው የአንድን መንግሥት መውደቅ ለማስረዳት ሲደክም፣ የኋለኛው ሚስቱና ልጁ የተገደሉበትን አንድ ወታደር ተከትሎ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. «ቤን ሁር» ዳግመኛ ተሠራ። ወጪው ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ነበረ፤ የሠረገላው ውድድር አልቀረም፤ ክርስቶስም በዚህኛው ፊቱ እየታየ፣ እየተናገረም ቀረበ። ፊልሙ ወጪውን ሳይመልስ ከየሲኒማ ቤቱ ወረደ።