ፊደል ለቃሚዎቹ

ሩዝ የምንለቅም የፎገራ ሴቶች የለቀማን ድካም እናውቀዋለን። ዓይን ይፈዛል፣ ወገብ ይጎብጣል፤ ያመለጠች አንዲት ጠጠር ግን ጥርስ ትሰብራለች። በድሮው ማተሚያ ቤትም «ፊደል ለቃሚ» የሚባል ሠራተኛ ነበር።

የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይወጣ ነበር። በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ እየታተመ በየሳምንቱ ሐሙስ መውጣት ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ለቃሚው የእርሳስ ፊደሎችን ከሳጥን አንድ በአንድ እያነሳ ይደረድር ነበር። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ነው፤ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። ፊደሉ የሚቀረጸው ተገልብጦ ስለሆነ መስመሩ እንደ መስተዋት ምስል ይነበባል። አንዱ ቢሳሳት «ገባ» የተባለው «ገቢ» ይሆናል። ከታተመ በኋላም እያንዳንዱ ፊደል ታጥቦ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ለሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይለቀማል።

የጋዜጣ መሥራቾች ስም በታሪክ ይነሳል፤ የለቃሚዎቹን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

በስብሰባችን «ይህች በጣት የምትቆጠር ቅጂ ምን ትፈይዳለች?» ያሉ እህቶች አሉ። 24 ቅጂ ለአገር ጋዜጣ መነሻ ሆኗል። የእኛም አንዷ ቅጂ ቡና ላይ ጮክ ተብላ ስትነበብ ማንበብ ለማይችሉት እናቶቻችን ሁሉ ትደርሳለች። ስለዚህ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ የጸሐፊዎችን ብቻ ሳይሆን የገልባጮችንና የስህተት ለቃሚዎችን ስም ከመጨረሻው ገጽ ላይ እንጽፋለን።