የእንቁላል አለመዳበር (በቤተ ሙከራ ፅንሰት)

የእንቁላል አለመዳበር ማለት በቤተ ሙከራ ፅንሰት (አይቪኤፍ) ወቅት ከሴቷ የተወሰደ እንቁላል ከወንድ ዘር (ስፐርም) ጋር ሳይዋሐድ ወይም ውሕደቱ ሳይጠናቀቅ ሲቀር ነው። ከተወሰዱት እንቁላሎች ጥቂቶቹ አለመዳበራቸው የተለመደ ነው። አንዱም ካልዳበረ ግን በዚያ ዙር ወደ ማሕፀን የሚገባ ፅንስ አይኖርም።

እንዴት ይታወቃል?

እንቁላሉና ዘሩ ከተገናኙ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ገደማ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በትክክል በዳበረ እንቁላል ውስጥ ሁለት ክብ ኒውክሊየሶች ይኖራሉ፤ አንዱ የእናት፣ ሌላው የአባት ነው። ምንም ካልታየ አልዳበረም ይባላል። ሦስት ከታዩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዘሮች ስለገቡ ነው፤ ይህም ለፅንስ አይመረጥም።

ምክንያቶች

* ያልበሰለ እንቁላል፦ እንቁላል ለመዳበር ዝግጁ የሚሆነው 46ቱን ክሮሞሶሞች ወደ 23 ቀንሶ ትርፉን በትንሽ ሕዋስ መልክ ካስወጣ በኋላ ነው። ከዚህ ደረጃ በፊት ከተወሰደ ዘር ቢያገኝም በአግባቡ አይዳብርም።
* የዘር አለመግባት፦ ዘሩ ቁጥሩ ሊያንስ፣ እንቅስቃሴው ሊደክም ወይም የእንቁላሉን ወፍራም ሽፋን መብሳት ሊያቅተው ይችላል። ራሱ ክብ የሆነ ዘር ለምሳሌ ሽፋኑን ለማለፍ የሚረዳው የጫፍ ከረጢት የለውም።
* የእንቁላል አለመንቃት፦ ዘሩ ሲገባ ፒኤልሲ ዜታ የተባለ ፕሮቲን ይዞ ይገባል። ይህ ፕሮቲን በእንቁላሉ ውስጥ የካልሲየም ሞገድ አስነሥቶ እድገቱን ያስጀምራል። ፕሮቲኑ ከጎደለ ወይም እንቁላሉ ለሞገዱ ምላሽ ካልሰጠ፣ ዘሩ ውስጥ ሆኖም እድገት አይጀመርም። በእንቁላሉ በኩል ዊ2 በተባለው ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ አንዱ መንስኤ ነው።

መፍትሔዎች

እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. በብራስልስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ዘር በቀጭን መርፌ በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ በማስገባት (ኢክሲ) የተገኙ እርግዝናዎችን ይፋ አደረጉ። ዘዴው የመግባትን ችግር ቢያስወግድም ያልበሰለን እንቁላል አያበስልም፤ ያልነቃውንም ሁልጊዜ አያነቃም። ለመንቃት ችግር አንዳንድ ክሊኒኮች ካልሲየምን ወደ እንቁላሉ የሚያስገባ ኬሚካል ይጠቀማሉ።

መንስኤው ከሴቷም ከወንዱም ሊመጣ ስለሚችል፣ ችግሩን ለሴቷ ብቻ መስጠት ስሕተት ነው። በአንድ ዙር አለመዳበሩም በሚቀጥለው አይዳብርም ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ሲለይ የመድኃኒቱን መጠን፣ እንቁላሉ የሚወሰድበትን ሰዓት ወይም የማዳበሪያውን ዘዴ መለወጥ ይቻላል።