ከማትሪክ እስከ ሃምሳ በመቶ፦ የዩኒቨርሲቲ በርና የእናቶች ወጪ

የማኅበራችንን የብድር መዝገብ የምይዘው እኔ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። መዝገቡ ላይ «ብድሩ የተፈለገበት ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። ሥራውን ስጀምር በዚያ ዓምድ የምጽፈው በግ ማድለብ፣ የእህል ንግድ፣ ሻይ ቤት፣ ዶሮ እርባታ የሚል ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን «ለልጅ ትምህርት» የሚለው እየበዛ መጣ። መጀመሪያ የኑሮ ውድነት ብቻ መስሎኝ ነበር። ቀኖቹን ሳስተያይ ግን ብድሩ የሚጠየቀው የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ በሁለት በሦስት ሳምንቱ ነው። ታሪክ አጥኚ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሒሳብ የሚሠራ ሰው አንድ ወጪ ድንገት ሲያብጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ከየት እንደመጣ መፈለጉ አይቀርም። እኔም እንዲሁ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ ቤተ መንግሥት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የበሩ ቁልፍ «ማትሪክ» የሚባለው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነበር። ወላጆቻችን ዛሬም ድረስ ማንኛውንም የ12ኛ ክፍል ፈተና ማትሪክ የሚሉት ከዚያ የቀረ ነው።

ለቦረናና ለሳይንት ሰው ግን ከማትሪክ በፊት ሌላ ወንፊት ነበረ፤ መንገዱ። ለረጅም ዘመን የወሎ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ሲል ደሴ ያለውን የወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ማለቱ ነበር። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና በሌለበት ወይም በሳምንት አንዴ በሚገኝበት ዘመን ያንን መንገድ ልጅ ብቻውን አይሄደውም። ደሴ ላይ የሚያስጠጋ ዘመድ፣ የሚላክ ስንቅ፣ ከእርሻ የሚተርፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ ወላጅ ከልጆቹ አንዱን ይመርጣል፤ የሚመረጠውም ወንዱ ነው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በሴት፣ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ በእቴጌ መነን እናት ስም ነው። ሴት ልጁን ስንቅ አሲዞ ከእኛ ደጋ ወደዚያ የላከ አባት ግን በዘመኑ ስንት ይሆን እላለሁ። ያኔ የመጀመሪያው መራጭ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ምድጃ ዙሪያ የተቀመጠው ቤተሰብ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ የእድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ ዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ተዘግተው ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በሩ ሲዘጋ ደጅ የሚቆየው ይከማቻል። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋን ከአሥር ዓመት በላይ አቋርጣ በ1970 ዓ.ም. ስትመልሰው 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተፈትኖ የገባው 270,000 ገደማ ነበር፤ ከመቶ አምስት አይሞላም። ይህን ቁጥር አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው ወንበር በፈጠነ ፍጥነት በዛ። ስለዚህ ማትሪክ ማለፍ ብቻውን አያስገባም፤ የመግቢያ ነጥቡ እንደ ዓመቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። አጎቴ ዛሬም የሚለው «ወደቅሁ» አይደለም፤ «ነጥብ አልመጣልኝም» ነው። ልጅ ሆኜ ልዩነቱ አይገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው አጎቴ ትክክል ነው። ፈተናውን አልፏል፤ ወንበሩ ነው ያለቀበት።

የእኔ ወንፊት ደግሞ ሌላ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃን 10ኛ ክፍል ላይ ቆረጠው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣው ወደ ቴክኒክና ሙያ። በ1998 ዓ.ም. ስፈተን ለመሰናዶ ጥቂት ነጥብ ጎደለኝ። እናቴ ውጤቱን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ገብስ ስታበጥር ቆየችና «እና አሁን ምን አለ?» አለችኝ። የነበረው አሥር ሲደመር ሦስት ነው፤ ሦስት ዓመት ተምሮ ዲፕሎማ። እናቴ በዓመት አንድ አንድ በግ እየሸጠች የቤት ኪራዬን ከፈለች፤ በየገበያው ቀን ሽሮና ድርቆሽ ላከችልኝ፤ እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ። ዩኒቨርሲቲ አለመግባቴ ለብዙ ዓመት ውስጤን ሲበላኝ እንደነበር አልደብቅም። እንደ ሒሳብ ካየነው ግን ያ ወንፊት አንድ ደግነት ነበረው፤ የጣለኝ በ17 ዓመቴ ነው፤ የጣለኝም ሌላ በር አጠገብ ነው።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት በዙ። በ1999 ዓ.ም. ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተመሠረተ። አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት 11 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ መቅደላ አምባ ሆነ፤ አንዱ ግቢው ቱሉ አውሊያ፣ አንዱ እዚሁ መካነ ሰላም። የከተማችን እናቶች ደስታ ልክ አልነበረውም። «ልጄ ቁርሱን በልቶ ሄዶ፣ ለምሳ ይመለሳል» ያለች ጎረቤት ነበረችኝ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ተማሪ የሚመድበው ሚኒስቴሩ ነው። የእኛ ልጅ ምርጫውን ይሞላል፤ ከዚያ ጅማም ሐሮማያም ሊደርሰው ይችላል፤ ከሩቅ የመጣው ልጅ ደግሞ የእኛን ጓሮ ክፍል ይከራያል። ክፉ ነገር ነው አልልም፤ ከአባሎቻችን ለተማሪ ምግብ በመሸጥ የቆሙ አሉ። ግን በሩ ደጃችን ድረስ መጥቶም ቁልፉ ያለው አዲስ አበባ ነው።

ምደባ ደግሞ ከነጥብ ሌላ ሸክም አመጣ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች ከእኛ የሚረሳ የለም፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አብዛኞቹም የአማራ ክልል ልጆች ነበሩ። ከዚያ ዓመት ወዲህ እናት የምደባ ዝርዝር ሲወጣ የምትጠይቀው «ምን ደረሳት?» ሳይሆን «የት ደረሳት?» ነው። ነጥብ መጥቶላት፣ ተመድባ፣ እናቷ «ትቅርብኝ» ብላ ያስቀረቻት ልጅ አውቃለሁ። በየትኛውም የውጤት ሠንጠረዥ ላይ ያቺ ልጅ የለችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሲቀር ሁላችንም እፎይ አልን። ነገር ግን ወንፊቱ አልተጣለም፤ ሁለት ዓመት ወደ ፊት ተገፋ እንጂ። በፊት 10ኛ ላይ ይቀር የነበረው ልጅ ሁሉ አሁን 12ኛ ክፍል ደርሶ ይፈተናል።

ሁለተኛው ለውጥ በ2015 ዓ.ም. መጣ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በፌስቡክ ወጥቶ እንደተሰረዘ ታስታውሳላችሁ፤ ከዚያም በኋላ የኩረጃ ስሞታ አልቆመም። ስለዚህ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው፣ ስልክ ተከልክለው እንዲፈተኑ ተደረገ። የመግቢያ ነጥቡም ሃምሳ በመቶ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቀድሞ ወንበር ተቆጥሮ ነጥብ ይወሰን ነበር፤ ለሴቶች ደግሞ ጥቂት ዝቅ ይላል። አሁን ነጥቡ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ቢቀርም ይቀራል።

በጥር 2015 ዓ.ም. ውጤቱ ሲነገር ከ896,520 ተፈታኞች ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ያን ዕለት በሠፈራችን ለስለት ሻማ ያበራችውም፣ ቡና አፍልታ ዱዓ ያስደረገችውም እናት እኩል ዝም አሉ። በተከታዩ ዓመት 845,188 ተፈትነው 27,267 አለፉ። በ2016 ዓ.ም. 36,409፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929፣ ማለትም 8.4 በመቶ።

ከ3.3 ወደ 8.4 ትልቅ ዕድገት ይመስላል፤ ያለፉት ልጆች ቁጥርም በእርግጥ ጨምሯል። ግን የሥራ አመል ነውና ማካፈያውንም አየሁት። ተፈታኙ በ310,638 ቀንሷል። ያለፉትን 48,929 ልጆች ለመጀመሪያው ዓመት ተፈታኝ ብናካፍላቸው 5.5 በመቶ ገደማ ነው የሚሆነው። የቀሩት ልጆች የት ሄዱ? ከእነሱ መካከል የእኛ ክልል ልጆች እንዳሉበት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ድረስ በመጣ ጊዜ የወሎ ልጆች ፈተናቸውን ከሌላው አገር ዘግይተው በሁለተኛ ዙር ነው የወሰዱት፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሳው ግጭት ደግሞ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል።

የቻይናን ቁጥር አስታውሱ ብዬ ነበር። እዚያ ከመቶ አምስት ያልሞላው ያለፈው አሥር ዓመት የተከማቸ ሰው ባንድ ጊዜ በሩ ላይ ስለቆመ ነው። ማንም «ይህ ትውልድ ሰነፍ ነው» አላለም። እኛ ቤት ግን ልጅ 41 በመቶ ስታመጣ «ሰነፍ» ትባላለች። እኔ በ1998 በ10ኛ ክፍል ብቀር እንኳ 12ኛን የተፈተኑት ተመርጠው ያለፉት ብቻ ነበሩ። የዛሬዋ ልጅ ከሁሉም ጋር ነው የምትፈተነው፤ ስለዚህ የሷን ዘመን መቶኛ ከእኛ ዘመን መቶኛ ጋር ማወዳደር በጉን ከነቆዳው፣ ሥጋውን ያለ ቆዳው መመዘን ነው። ትምህርቱ አልተዳከመም እያልኩ አይደለም፤ ተዳክሟል። ልጅቷ ብቻዋን አታዳክመውም ነው የምለው።

ወደ ብድር መዝገቡ ስመለስ፣ የወንፊቱ መገፋት በእናት ኪስ ላይ ምን እንዳደረገ አንዲት አባላችንን ላንሳ። ከከተማ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው የምትኖረው። ልጇን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ አስተማረች። የእኔ እናት ያወጣችው ወጪ ከሁለት ዓመት ትምህርት በኋላ ወደ ሙያ ሲያመራ፣ እሷ አራት ዓመት ከፍላ ነው ውጤት የጠበቀችው። ልጅቷ ሃምሳ አልሞላችም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም እንደገና ገንዘብ ይፈልጋል። ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት አለ፤ ሚኒስቴሩ ነጥብ አውጥቶ የመደበው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ያልተመደበው በግል ኮሌጅ በራሱ ወጪ። በግል ተመዝግቦ ዳግም መፈተን አለ። ቴክኒክና ሙያም እንደ እኔ ዘመን አለ፤ ግን 12ኛ የጨረሰች ልጅ ወደዚያ ስትሄድ ሁለት ዓመቷን እንደ ኪሳራ ትቆጥረዋለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራሱን ቻለ ከተባለ ወዲህ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሃምሳ ያመጣውንም የራሱን መግቢያ ፈተና ይፈትናል። ወንፊት ላይ ወንፊት።

አባላችን ለልጇ የማካካሻ ትምህርት ብድር ጠየቀች። መተዳደሪያ ደንባችን ብድር በ12 ወር ይመለስ ይላል፤ የተጻፈው በግ ለሚያደልብ ሰው ነው። በግ በአራት በአምስት ወር ይሸጣል። ልጅ አይሸጥም። ኮሚቴው በትርፍ ሥራ ስም ጽፈን እንስጣት የሚል ሐሳብ ነበረው። እኔ መዝገቡ ላይ ውሸት አልጽፍም አልኩ፤ ያን ዕለት ጥቂት ተቀያየምን። በመጨረሻ ሴትዮዋ ብድሩን ሳትወስድ አንዷን ጊደር ሸጠች። ልጅቷ ማካካሻውን ጨርሳ አልፋ አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ ጊደሯ ግን አልተተካችም።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው፣ «ለልጅ ትምህርት» ራሱን የቻለ የብድር ዓይነት ሆኖ የመመለሻ ጊዜው ቢያንስ 30 ወር እንዲሆን፤ ለዚህም ከለጋሾቻችን ለተዘዋዋሪ ፈንድ የሚመጣው ገንዘብ የተወሰነው ክፍል እንዲመደብ። ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልጆቻችን 10ኛ ክፍልን ሲጨርሱ፣ ፈተናው ባይኖርም፣ ከእናቶቻቸው ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብለን የሙያውንም የዩኒቨርሲቲውንም መንገድ ከነወጪው እንድናሰላ። እስክሪብቶና ካልኩሌተር እኔ ይዤ እመጣለሁ። የደንቡ ማሻሻያ ረቂቅ ቢሮ ተለጥፏል፤ ማንበብ የማትችሉ እኅቶች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብትመጡ አነብላችኋለሁ።