መጥረጊያ ማስረጃ የነበረበት ዘመን

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጄ.ኬ. ሮውሊንግ የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ውስጥ መጥረጊያ ማለት እንደ መኪና ነው። ሱቅ ገብተው ይገዙታል፤ ትምህርት ቤት አነዳዱን ይማሩታል፤ አዲስ ሞዴል ሲወጣ ልጆች የሱቁ መስታወት ላይ ተለጥፈው ያዩታል። "ኒምበስ 2000" ያለው ይኮራል፤ "ፋየርቦልት" ሲመጣ ደግሞ ኒምበሱ ያረጃል። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1997 ከወጣ ወዲህ ያደገ ትውልድ በመጥረጊያ መብረርን የሚያውቀው እንደ ጨዋታ ነው።

ከጨዋታው ጀርባ ግን የፍርድ ቤት መዝገብ አለ።

የሚገርመው፣ የቀድሞዋ የምዕራብ አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን በጠንቋይ በረራ አታምንም ነበር። በ906 አካባቢ የፕሩሙ ሬጊኖ የተባለ አበምኔት ባሰባሰበው የቀኖና መጽሐፍ ውስጥ አንድ ድንጋጌ አለ። ሌሊት በአውሬ ጀርባ ተቀምጠን ሩቅ አገር ደርሰን መጣን የሚሉ ሴቶች በሰይጣን ተታለው ሕልማቸውን እውነት ያደረጉ ናቸው ይላል። ጥፋቱ በረርኩ ብሎ ማመን እንጂ መብረር አልነበረም። ድንጋጌው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዋናው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ስብስብ ገባ።

ነገሩ የተገለበጠው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መናፍቃንን የሚያድኑ መርማሪዎች "ሌሊት እየበረረ ከሰይጣን ጋር የሚሰበሰብ አዲስ ማኅበር ተነሥቷል" ማለት ጀመሩ። በ1451 በተዘጋጀ የማርቲን ለ ፍራንክ ግጥም ቅጂ ኅዳግ ላይ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በመጥረጊያ፣ ሌላዋ በበትር ሲበሩ ተሥለዋል። እስካሁን ከሚታወቁት እንዲህ ዓይነት ሥዕሎች ቀደምቱ ይህ ነው።

በ1453 በፈረንሳይ በዚህ ክስ የቀረበው ግን ሴት አልነበረም። ጊዮም ኤደሊን የነገረ መለኮት ሊቅና የገዳም አለቃ ነበር። የጥንቱን ትምህርት ይዞ "የጠንቋዮች በረራ ቅዠት ነው" ብሎ ሰብኳል። ተይዞ ሲመረመር በመጥረጊያ ተቀምጦ ወደ ሰይጣን ጉባኤ እንደሄደ፣ ያንን ስብከት የሰበከውም በሰይጣን ትእዛዝ እንደሆነ "አመነ"። ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፦ የሚጠራጠር ሰው ራሱ ይጠረጠራል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሰሜን ፈረንሳይ በአራስ ከተማ ሰዎች በሥቃይ ብዛት፣ ቅባት በተቀባ በትር እንደበረሩ ተናዘዙ። "እዚያ ማንን አየህ?" ሲባሉ ደግሞ የጎረቤቶቻቸውን ስም ጠሩ። በእሳት የተቃጠሉ ነበሩ። በ1491 የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ አመድ ግን ይግባኝ አይሰማም።

በረራ ለከሳሽ ሁለት ነገር ይፈታለታል። አንደኛ፣ "ሌሊቱን ቤቴ ነበርኩ" የሚለውን መከላከያ ያፈርሳል፤ በርራ ሄዳ በርራ ተመልሳለችና። ሁለተኛ፣ አንዷን ተከሳሽ ወደ መቶ ተከሳሽ ያበዛል፤ ጉባኤ ካለ ጉባኤተኛ አለና።

መጥረጊያ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ዕቃ ነበር። ፈረስና ሰይፍ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ መጥረጊያ የሌለበት ቤት ግን የለም። የልቦለዱን መጥረጊያ ተወዳጅ ያደረገው ተራነቱ ነው። የዚያን ዘመኑን አስፈሪ ያደረገውም ይኸው ተራነቱ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ የጠንቋይ አደን ከ40,000 እስከ 60,000 ሰው እንደተገደለ ይገምታሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

በ1712 በእንግሊዝ ጄን ዌንሃም የተባለች አሮጊት በጥንቆላ ተከሰሰች። ምስክሮች "ትበራለች" ሲሉ ዳኛው ጆን ፓወል "መብረርን የሚከለክል ሕግ የለም" ብለው እንደመለሱ ይነገራል። ዳኞች ሆነው የተቀመጡት የአገሬው ሰዎች ግን ጥፋተኛ አሏት። ፓወል ለንግሥት አን አመልክተው ምሕረት አሰጧትና ተረፈች።

ሌሎች ዳኞች ለሦስት መቶ ዓመት ያህል "በርራለች ወይስ አልበረረችም?" እያሉ ሲመረምሩና ሲያቃጥሉ ኖረዋል። ለአንዲት አሮጊት ነፍስ መትረፍ የበቃው "ብትበርስ?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ነው።