በፊደል የተከፈተ በር

መብት በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ ሳለ ባለቤቱ ማንበብ ካልቻለ፥ አፉ እንደ ተከደነ የውሃ ጕድጓድ ነው፤ ውሃው አለ፥ የተጠማው ግን አይጠጣም። በአሜሪካ ደቡብ ይህን ክዳን ለማንሣት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደከሙት አንዷ መምህርት ሴፕቲማ ፖይንሴት ክላርክ ናቸው፤ ሥራቸውንም ለአንባብያን በአጭሩ እንገልጻለን።

ወይዘሮ ሴፕቲማ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በቻርልስተን ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በባርነት የተወለዱ ነበሩ፤ እናታቸውም የሰው ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን አሳደጉ። በ1916 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምሩ ጥቁር መምህር በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት አይቀጠርም ነበርና ወደ ጆንስ ደሴት ሄዱ። በዚያ 132 ልጆች ለሁለት መምህራን ተሰጥተው አገኙ። በ1919 ዓ.ም. ወደ ከተማው ተመልሰው ክልከላው እንዲነሣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ፊርማ ሰበሰቡ፤ በማግሥቱም ዓመት ተሻረ።

በ1956 ዓ.ም. ግዛቱ የመንግሥት ሠራተኛ ለጥቁሮች መብት የሚከራከር ማኅበር አባል እንዳይሆን በሕግ ከለከለ። እርሳቸው ግን አባልነታቸውን አልሸሸጉም፤ ስለዚህ ከ40 ዓመት አገልግሎት በኋላ ሥራቸውንም ጡረታቸውንም አጡ።

ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ የሠሩት ከፊተኛው በለጠ። በዚያ ግዛት ለምርጫ የሚመዘገብ ሰው የሕገ መንግሥቱን ክፍል እንዲያነብ ይጠየቅ ነበርና፥ ፊደል ያልቈጠረው ጥቁር ገበሬ ከመዝገቡ ደጅ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ከኤሳው ጀንኪንስና ከበርኒስ ሮቢንሰን ጋር ሆነው በ1957 ዓ.ም. መባቻ በጆንስ ደሴት ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ከፈቱ። ስፍራው የሱቅ ጓዳ ነበር፤ በፊት ለፊት ሸቀጥ ስለሚሸጥ ጠላት ትምህርቱን አያይም። ወይዘሮ ሮቢንሰን ጸጉር ሠሪ እንጂ መምህርት አልነበሩም፤ የተመረጡትም የተማረ ሰው ባልተማረው ላይ እንዳይኰራ ተብሎ ነው። 14 ሰዎች ስማቸውን ከመጻፍ ጀምረው፥ የዕቃ ማዘዣ ወደ መሙላት፥ ከዚያም የሕጉን ቃል ወደ ማንበብ ደረሱ።

ትምህርቱ በደቡብ ግዛቶች ተስፋፋ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ መብት ሕግም በአብዛኞቹ የደቡብ ግዛቶች ያንን የማንበብ ፈተና አገደው። በ1976 ዓ.ም. የግዛቱ አገረ ገዢ ጡረታቸው እንዲመለስ አደረጉ፤ በ1987 ዓ.ም. ዐረፉ።

ብዙዎች የሰልፉን መሪዎች ስም ያውቃሉ፤ ከተሰለፈው ሕዝብ ግን አንዳንዱ ሰው የገዛ ስሙን መጻፍ የተማረው በእንዲህ ያለ ጓዳ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ፊደልን አጥር አድርገው ከለከሉት፤ እኒህ ሴት ያንኑ ፊደል ቍልፍ አድርገው ከፈቱለት።