የብየዳ ወሰን፦ በጎጃም ጎዳና ያረጁ የጭነት መኪናዎች መሪና ባሌስትራ

በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገበት አቅጣጫ፣ ዛሬ የምዕራብ ጎጃም በቆሎና በርበሬ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጫንበት ነው። ጠላት ከአገር ቢወጣም የጥገናው ቋንቋ ቀርቷል፤ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ የሚሉት ቃላት ለዚሁ ምስክሮች ናቸው። ከዚያም ወዲህ ፊያት 682፣ በተለይም ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉት ዓይነት፣ የጭነቱን ሥራ ለብዙ ዘመን ተሸክሞ ኖሯል።

መለዋወጫው ከባሕር ማዶ በሚመጣበት፣ ጋራዡም በገጠር ከተማ በሆነበት ሁኔታ፣ ብየዳ መኪናውን ከመቆም ያዳነ ጥበብ ነው። የተሰነጠቀ ካሶኒና የተቀደደ ፓራፋንጎ በኤሌክትሮድ እየተጠገነ ሥራው መቀጠሉ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ስሕተቱ የሚመጣው፣ ለካሶኒው የበጀው ዘዴ ለመሪውም ይበጃል ተብሎ ሲታመን ነው።

የመሪ ክንድና የፊት ጎማን የሚሸከመው ክፍል በአብዛኛው መካከለኛ ካርቦን ካለው ብረት ተቀጥቅጠው፣ ጥንካሬን ከልዝበት ጋር እንዲያጣምሩ በሙቀት የታከሙ ናቸው። የብየዳው ሙቀት ይህን ጠባይ ያጠፋዋል። በስፌቱ ዳር ያለው ብረት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል፤ ከእርጥብ ኤሌክትሮድ የሚገባው ሃይድሮጂንም ብየዳው ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ስንጥቅ ሊፈጥር ይችላል። ካርቦኑ ከፍ ያለው የባሌስትራ ቅጠል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

ሁለተኛው አደጋ የብረት ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ አጠገብ የባቡር ሎኮሞቲቭ አክሰል ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቆይቶም ጀርመናዊው ኢንጂነር አውጉስት ቬለር የባቡር አክሰሎችን በመፈተን፣ ብረት በአንድ ጊዜ ከሚሰብረው እጅግ ያነሰ ኃይል እንኳ ደጋግሞ ቢያርፍበት እንደሚሰበር አረጋግጧል። የተበየደ የመሪ ክንድም እንዲሁ ነው። ከጋራዥ ሲወጣ የጸና ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የኮረኮንች መንገድ ጉድጓድ ስንጥቁን ጥቂት በጥቂት ያሰፋዋል። በመጨረሻም ምናልባት ከደጀን በታች፣ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ የሾፌሩ ችሎታ አንዳች አይረዳውም።

ስለዚህ መፍትሔው ብየዳን ማውገዝ ሳይሆን ወሰኑን ማወቅ ነው። ካሶኒው ይበየድ፤ የመሪ ክንድ፣ የመሪ ማያያዣ ዘንግና የባሌስትራ ቅጠል ግን ይለወጡ። በጭነት ላይ ተሳፍሮ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ ስፌቱን መርምሮ ሊሳፈር አይችልም። የእርሱ ሕይወት የተመካው፣ በያጁ «ይህ አይበየድም» ለማለት በመድፈሩና የሙያው ሰዎችም ምክንያቱን ለበያጁ በማስተማራቸው ላይ ነው።